ሁለት ኮንሰርት፣ መሃል ላይ ቅዳሜ

የአሜሪካው ሄቪ ሜታል ባንድ ሜታሊካ ኤም 72 ብሎ በሰየመው የኮንሰርት ዙሩ በ2023 እና በ2024 ብዙዎቹ ከተሞች ላይ ሁለት ምሽት ነበር የሚጫወተው፤ አርብና እሁድ። አርብ የተጫወተውን ዘፈን እሁድ አይደግመውም ነበር። በአንድ ምሽት 16 ያህል ዘፈን ይጫወት ስለነበር ሁለቱንም ያየ ሰው ከ30 በላይ የተለያየ ዘፈን ሰምቶ ይመለስ ነበር። የምር የሚወዳቸው ሰው አርብ ብቻ አይቶ ለመመለስ እግሩ እሺ አይለውም። መሃል ላይ ቅዳሜ ትቀራለች። ብዙው ሰው ይተኛባታል፣ ወይ ከተማ ይዞርባታል። እኛ የኮፐንሃገንን ትኬት የቆረጥነው ለዚያች ቅዳሜ ስንል ነው ብል አላጋነንኩም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1986 ሜታሊካ ስቶክሆልም አጠገብ ሶልና ውስጥ ተጫውቶ ሌሊቱን በአውቶቡስ ወደ ኮፐንሃገን ጉዞ ጀመረ። ሊነጋጋ ሲል ደቡብ ስዊድን ውስጥ፣ ዩንግቢ ከምትባል ከተማ ራቅ ብሎ፣ ዶራርፕ ላይ አውቶቡሱ ተገለበጠ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ክሊፍ በርተን በመስኮት ተስፈንጥሮ ወጣ፤ አውቶቡሱም ላዩ ላይ ወደቀ። 24 ዓመቱ ነበር። እዚያ አካባቢ ዛሬ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል። ከኮፐንሃገን በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

አራት ሆነን ከሃምቡርግ ተነሳን። የአክስቴ ልጅ፣ ሚስቱ፣ እኔና ጋሼ። ጋሼ ለማናችንም የሥጋ ዘመድ አይደለም፤ ግን ሃምቡርግ ያለን ልጆች ሁሉ ጋሼ ነው የምንለው። ያኔ 62 ዓመቱ ነበር። እኛ ጥቁር ቲሸርት ለብሰን ስንመጣ እሱ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጀርመን እንደገባ፣ ስደተኛ መጠለያ ውስጥ አንድ ክፍል የተጋራው ፖላንዳዊ የሜታሊካ ካሴት ነበረው። በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ ሳያውቁ አብረው ይሰሙ ነበር። እኔና የአክስቴ ልጅም ሜታሊካን የሰማነው ከጋሼ መኪና ነው። እሱ ባይኖር የምንሰማው ሌላ ነገር ነበር።

መንገዱ ቀላል ነው። ፑትጋርደን ድረስ በመኪና፣ ከዚያ መኪና በሚጭነው መርከብ 45 ደቂቃ፣ ከዚያ ዴንማርክ። ቀኑ ጁን 14 ቀን 2024፣ የአውሮፓ ዋንጫ ጀርመን ውስጥ የሚከፈትበት ዕለት ነበር። ቀይና ነጭ የለበሱ ዴንማርካውያን በመኪና ተጭነው ወደ ጀርመን ይጎርፋሉ፤ ጥቁር የለበስነው ደግሞ በተቃራኒው ወደነሱ አገር እንሄዳለን። መርከቡ ላይ የማያውቁን ሰዎች ቲሸርታችንን እያዩ በጭንቅላታቸው ሰላም ይሉን ነበር። ይሄ ነገር ሁሌም ደስ ይለኛል። ሃምቡርግ ባቡር ውስጥ ለዓመታት ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ቀና ብሎ አያየኝም፤ ቲሸርቷን ስለብስ ግን ባዳ የሆነ ሁሉ ወንድሜ ይሆናል።

ስለ ክፍላችን ብዙ ማውራት አልፈልግም፤ ግን አናዶኛል። ማስታወቂያው ላይ አራት አልጋ ይላል። ስንገባ ሁለት አልጋና አንድ የጎበጠ ሶፋ። ባለቤቱን ስንጠይቀው ሶፋው ተዘርግቶ ሁለት ሰው ያስተኛል አለን። አይዘረጋም። ለመኪና ማቆሚያ በቀን 200 ክሮነር ጨምሩ የሚለውም መልእክት የመጣው ዕቃችንን ካወረድን በኋላ ነው። ከሁሉም የባሰው መጋረጃ አለመኖሩ ነበር። በጁን ኮፐንሃገን ውስጥ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይ ትወጣለች። አርብ ሌሊት ጆሮዬ ውስጥ ጊታር እየጮኸ ገና ጋደም ከማለቴ መስኮቱ ቦግ አለ። ጋሼ አልጋውን አልቀበልም ብሎ ሶፋው ላይ ነበር። «ጋሼ፣ በእናትህ ተነስና እዚህ ተኛ» ብለው «አንተ ነገ ካርታ ታያለህ፣ ተኛ» አለኝ። ክርክሩን አሸነፈኝ፤ እንቅልፉን ግን ሁለታችንም አላገኘነውም።

የአርቡ ኮንሰርት ፓርከን ስታዲየም ነበር። መድረኩ ክብ ነው፤ እንደ ቀለበት። ቀለበቱ መሃልም ሰው ይቆማል። ዙሪያውን ስምንት የስክሪን ማማዎች አሉ። ድራሙ አንድ ቦታ አይደለም፤ አራት ናቸው። ድራም ተጫዋቹ ላርስ ኡልሪክ በየተራ አንዱ ከወለሉ ሲወጣለት ሌላው ይሰወራል። ስለዚህ ጀርባ የሚሰጠው ሰው የለም፤ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል። ላርስ የተወለደው እዚሁ አጠገብ ጌንቶፍተ ውስጥ ነው፤ የባንዱ ሁለተኛና ሦስተኛ አልበም የተቀረጹትም ኮፐንሃገን ነው። የ1986ቱ ማስተር ኦፍ ፐፔትስ ማለት ነው ሦስተኛው። ሕዝቡ ላርስን የሚጠራው እንደ ሰፈር ልጅ ነው። መጀመሪያ ላይ የኤኒዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃ ሲለቀቅ ጋሼን አየሁት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ዘፈኖቹን ሁሉ እያነሳሁ አልዘረዝርም። ድምፄ እስከ ሰኞ አልተመለሰም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳን። የኦሬሱንድን ድልድይ ለአንድ መኪና አንድ ጊዜ ለመሻገር ከ400 ክሮነር በላይ ነው የሚከፈለው። የአክስቴ ልጅ ሚስት ሒሳቡን የያዘችው እሷ ስለነበረች «በዚህ ብር እኮ ሌላ ቲሸርት ይገዛ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። ግን ድልድዩ ያምራል። ከዴንማርክ በኩል መጀመሪያ ባሕር ሥር ባለ ዋሻ ትገባለህ፣ ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ትወጣለህ፣ ከዚያ 8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ድልድይ ይጀምራል። ማልሞን፣ ሄልሲንቦርግን አልፈን ኢ 4 ወደሚባለው ትልቁ መንገድ ገባን። ከዚያ በኋላ ጫካ፣ ጫካ፣ አሁንም ጫካ።

መኪናው ውስጥ ሙዚቃ አልከፈትንም። ማንም አትክፈቱ አላለም። ጋሼ ግን ታሪኩን ጀመረ። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቢሆንም ከእሱ አፍ ስንሰማው ሌላ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ለመኝታ ቦታ ዕጣ የመጫወቻ ካርታ ሳቡ። ክሊፍ የስፔድ አስ ደረሰውና ጊታር ተጫዋቹ ከርክ ሃሜት ይተኛበት የነበረውን ቦታ መረጠ። ከርክ ይሄንን ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ሹፌሩ አስፋልቱ ላይ በረዶ ነበር አለ። ዘፋኙ ጄምስ ሄትፊልድ ደግሞ በዚያ ብርድ መንገዱን ወደ ኋላ በእግሩ እየሄደ በረዶውን ፈለገ፤ አላገኘም። ሹፌሩ አልተከሰሰም። «ያን ጊዜ እኔም 24 ዓመቴ ነበር» አለ ጋሼ። ከዚያ ዝም አለ። እኛም አልጠየቅነውም።

ድንጋዩ ዶራርፕ ላይ ጉሌኔ ራስተን ከሚባለው የመንገደኛ ማረፊያ አጠገብ ነው። ትልቅ ሐውልት የጠበቀ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ሣር፣ ዛፍ፣ ድንጋይ። እኔ በዚህ ልክ መሆኑን ወደድኩት። አጠገቡ ስትደርስ ነው የሚታይህ። ከሥሩ ሰዎች ትተውት የሄዱት ነገር ተከምሯል። የጊታር ፒክ፣ ክሩን የሚመቱባት ትንሿ ቁራጭ፣ በያይነቱ፤ አንዱ ከማለቁ የተነሳ ጫፉ ክብ ሆኗል፣ ሌላው ላይ በእስክሪብቶ ስም ተጽፎበት ዝናብ ግማሹን አጥቦታል። የቤዝ ክር እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ። ያልተከፈተ ቢራ። ሳንቲም ከብዙ አገር።

አንዲት ሰባ የሚሆናቸው ሴትዮ ባልዲና ብሩሽ ይዘው ድንጋዩን እያጠቡ ነበር። ሰፈራቸው እዚያው ቅርብ ነው። ማንም አላዘዛቸውም። ሲመቻቸው ብቅ ብለው ባዶ ቆርቆሮ ይለቅማሉ፤ ፒኮቹን ግን አይነኩም። እያነሱ ጠርገው መልሰው ቦታቸው ያስቀምጣሉ። ሙዚቃውን አይወዱትም፤ በግልጽ ነገሩን። «ልጅ ነው የሞተው» ነበር ያሉት። ከየት እንደመጣን ጠይቀው ኢትዮጵያውያን መሆናችንን ሲያውቁ ከመኪናቸው ፔርሙዝ አወጡና ቡና ቀዱልን። ቀረፋ ያለበት ዳቦም ነበራቸው። ለእሳቸው የያዙት አንድ ነበር፤ አራት ቦታ ቆረሱት።

ጋሼ ድንጋዩ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። «ነፍስ ይማር» አለ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «ለቅሶ መድረስ ነው እኮ። ሰው ርቆ ሲሞት ቢዘገይም ይደረሳል» አለን። ነጭ ሸሚዙ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ አገር ቤት አያቴ ሲያርፉ መሄድ አልቻልኩም ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም ነበር። ያንን እዚህ ስዊድን ጫካ ውስጥ አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ አለቀስኩ። የአክስቴ ልጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ሴትየዋ ብሩሻቸውን አስቀምጠው ጠበቁን።

ስንመለስ ጋሼ ስለ ክሊፍ አባት አወራን። ሬይ በርተን ልጃቸው ከሞተ በኋላ ለሚጽፉላቸው አድናቂዎች መልስ ይሰጡ ነበር፤ ኮንሰርትም ይመጡ ነበር። የክሊፍን የሙዚቃ ገቢ እሱ በተማረበት በካስትሮ ቫሊ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ለሚማሩ ልጆች ስኮላርሺፕ አድርገውታል። እሳቸውም በ2020 በ94 ዓመታቸው አረፉ። አመላለሳችን በሄልሲንቦርግ በኩል ነበር። ከዚያ ዴንማርክ ውስጥ ያለችው ሄልሲንግዮር በመርከብ 20 ደቂቃ ነው። እዚያ የሚሄድ ሰው ካለ ከድልድዩ ይልቅ በዚህ በኩል ቢሄድ ይሻላል፤ ቢያንስ ንፋስ ይመታሃል፣ እግርህን ትዘረጋለህ።

እሁድ ፓርከን በር ላይ ሰልፉ ውስጥ እያለን ዴንማርክ ከስሎቬኒያ ጋር ሽቱትጋርት ላይ ትጫወት ነበር። ጨዋታው ምሽት 12 ሰዓት ላይ ጀመረ። ሰው ሁሉ አንገቱን ስልክ ላይ ደፍቷል። በ17ኛው ደቂቃ ክሪስቲያን ኤሪክሰን አገባ። ያ ጩኸት! ኤሪክሰን ጁን 12 ቀን 2021 ከፊንላንድ ጋር ሲጫወት ልቡ ቆሞ የወደቀው እዚሁ እኛ የቆምንበት ስታዲየም ውስጥ ነው። ከፊታችን ያለው፣ ክንዱ በሙሉ ንቅሳት የሆነ ግዙፍ ሰውዬ እያለቀሰ የአክስቴን ልጅ አቀፈው። ጨዋታው በኋላ 1 ለ 1 አለቀ፤ ማንም ግድ አልሰጠውም።

ውስጥ ከገባን በኋላ እኔ የማየው ቤዙን ብቻ ሆነ። ሮበርት ትሩሂዮ ባንዱን የተቀላቀለው በ2003 ነው። ጊታሩን ጉልበቱ አካባቢ ድረስ ያወርደዋል፣ እንደ ሸርጣን ጎንበስ ብሎ በጎን ይራመዳል። መድረኩ ክብ ስለሆነ በየጊዜው በእኛ በኩል ያልፋል። አንዴ አምስት ሜትር ላይ ቆመ። የግራ እጁ ጣቶች ክሩ ላይ ሲሮጡ፣ ላቡ ከክንዱ ላይ ሲንጠባጠብ ይታየኛል። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በሆድ ነው የሚገባው። ሜታሊካ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የተዛወረው ክሊፍን ለማግኘት ሲል ነው፤ አልመጣም ስላላቸው እነሱ ሄዱለት። ዛሬም ባንዱ ውስጥ ያ ቤዝ የያዘው ቦታ ትንሽ አይደለም። አርብ ይሄንን አላስተዋልኩም ነበር። እሁድ ሌላ ነገር አልሰማሁም።

ሰኞ ሃምቡርግ ገባን። ስለ መንገዱ የማስታውሰው የለም፤ ተኝቼ ነው የመጣሁት።

የክፍሉ ባለቤት ለጽዳት ብሎ ሌላ 300 ክሮነር ጠይቆናል። የአክስቴ ልጅ ሚስት የሶፋውን ፎቶ አያይዛ መልሳለታለች፤ እስካሁን መልስ የለም። አንከፍልም። በዚያው ዓመት ጁላይ 5 እና 7 ሜታሊካዎች ዋርሶ ላይ ይጫወቱ ነበር። በበርሊን በኩል በባቡር ልንሄድ አሰብን። ጋሼ የእረፍት ፈቃድ ሞላ፤ ያንን መጠለያ ውስጥ የነበረውን ፖላንዳዊም ይፈልገው ነበር። አንድ ቦታ ትርፍ ነበረን፤ መጋረጃ ያለው ክፍል ነበር የያዝነው።