ሲነኩት ደህና፣ ሲተዉት ጥፍት

ሰኔ ነው፤ በጀት የሚዘጋበት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ በብርዱ ላይ ዝናብ የሚጨመርበት ወር። በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ያለ ላፕቶፕ ፔሮል ሲሠራበት ሦስትና አራት ሰዓት ቀጥ ብሎ ይውላል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቡና ልትጠጣ ወጣ ካለች ግን ተመልሳ የምታገኘው ወይ ጥቁር ስክሪን፣ ወይ «ቡት ዲቫይስ ኖት ፋውንድ» (መነሻ ዲስክ አልተገኘም) የሚል ጽሑፍ ነው። ሴቭ ያልተደረገው ኤክሴል አብሮ ሄዷል። «ስትወጪ ይሞታል፣ ስትገቢ ይነሣል፤ ናፍቆት ነው» ይላሉ የበሩ ጥበቃ።

መጀመሪያ ያየው ባለሙያ ፎርማት አደረገው። ሳምንት ሳይሞላ ደገመውና እንደገና ፎርማት ተደረገ፤ በዚያው ሙቀት የሚያስተላልፈው የፕሮሰሰሩ ፔስትም ተቀየረ። የፔስቱ ነገር ገና ከጅምሩ አያስኬድም ነበር። ሙቀት የሚያጠፋው ላፕቶፕ የሚጠፋው ሥራ ሲበዛበትና ፋኑ ሲጮኽ እንጂ ባዶውን ተቀምጦ፣ ያውም 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አይደለም። ፎርማቱም ቢሆን ዊንዶውስን ቀየረ እንጂ ከሥሩ ያለውን ዲስክ አልነካውም።

ሁለተኛው ባለሙያ ላፕቶፑን ከመክፈቱ በፊት አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰጣት። «እህቴ፣ ከወንበርሽ ስትነሺ ሰዓቱን ብቻ ጻፊልኝ» አለ። በማግስቱ ወረቀቱ ላይ ሦስት ቁጥር ነበር፦ 4:05፣ 7:00፣ 9:10።

ቀጥሎ ኢቨንት ቪውር፣ ማለትም ዊንዶውስ ክስተቶችን የሚመዘግብበት መዝገብ፣ ተከፈተ። ብዙ ሰው ማሽኑ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን የሚናገረውን «ከርነል ፓወር 41» ያይና የተጻፈበትን ሰዓት የጠፋበት ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል። ስህተት ነው፤ 41 የሚመዘገበው ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣ ነው። ወደ ጠፋበት ሰዓት የሚያቀርበው ቁጥር 6008 ሲሆን፣ «ያለፈው መዘጋት በዚህ ሰዓት ያልተጠበቀ ነበር» የሚል መልእክት ውስጡ ይዟል። በዚያ ላይ የነበሩት ሰዓቶች 10:26፣ 1:21 እና 3:31 ናቸው። ላፕቶፑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት፣ ወረቀቱ ደግሞ በእኛ ስለሆነ ስድስት ሰዓት አስተካክሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ያኔ ሦስቱም ጊዜ አንድ ነገር ይናገራሉ፦ እጇን ካነሣች ከ21 ደቂቃ በኋላ።

በዘፈቀደ የሚበላሽ ነገር እንዲህ ሰዓት አያከብርም። ስለዚህ የኃይል ቁጠባው ሰዓት ቆጣሪዎች ተራ በተራ ታዩ። ስክሪን የሚጠፋው በ10 ደቂቃ፣ ማሽኑ የሚተኛው በ30፤ ሁለቱም አይገጥሙም። ዲስኩ ሳይነካ ስንት ደቂቃ ሲቆይ እንደሚጠፋ የሚወስነው «ተርን ኦፍ ሃርድ ዲስክ አፍተር» ግን 20 ላይ ነበር። ዊንዶውስ ከበስተኋላ ዲስኩን ስለሚነካካ ደቂቃ ያህል መዘግየቱ የሚጠበቅ ነው። ሌሎቹ ምልክቶችም እዚያው ይወስዳሉ። የ41 ዝርዝር ውስጥ የስህተት ኮዱ 0 ነው፣ ዊንዶውስ ሲወድቅ የስህተት ፋይል የሚያስቀምጥበት የሚኒደምፕ ፎልደርም ባዶ ነው፤ ዲስኩ ራሱ ሲጠፋ ዊንዶውስ ስህተቱን የሚጽፍበት ቦታ የለውማ። ሲነሣ ዲስክ አላገኘሁም ማለቱ፣ ማብሪያው 15 ሰከንድ ተጭኖ ኃይሉ ሙሉ በሙሉ ከተቋረጠ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ መነሣቱ፣ እንቅልፍ የወሰደው ኤስኤስዲ (የላፕቶፑ ዲስክ) መንቃት እንዳቃተው ያሳያል።

የጀርባው ክዳን ሲነሣ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። 22 በ80 ሚሊሜትር የሆነው፣ ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ዓይነት ኤስኤስዲ ጫፉ በብሎን መታሰር ሲገባው፣ በፊት የቀየረው ሰው በፕላስተር ለጥፎት ሄዷል። ጠርዙ የቡና ዱቄት መስሎ የጠቆረ፣ ግማሹ የተላቀቀ ፕላስተር። ማንም ቢሆን «አገኘሁት!» ይላል። ባለሙያው ከአሮጌ ላፕቶፕ ሁለት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አጭር ብሎን አውጥቶ አሰረው፣ የግንኙነቱን ጥርሶችም በአልኮል ጠረገ፤ ከዚያ ሌላ ምንም ሳይነካ ለፈተና ተወው። በ21ኛው ደቂቃ ጠፋ። ፕላስተሩ ነውር ነው፣ ጥፋተኛው ግን እሱ አልነበረም። ብሎኑንና ሴቲንጉን በአንድ ላይ ቢያስተካክል ኖሮ ይህን መለየት አይቻልም ነበር።

ከዚያ የዲስኩ ሰዓት ወደ 0 ወረደ፤ 0 ማለት በጭራሽ አታጥፋ ማለት ነው። በዚያው ገጽ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ሥር፣ ዲስኩ የተሰካበትን መስመር ኃይል የሚቆጥበው «ሊንክ ስቴት ፓወር ማኔጅመንት» ወደ ኦፍ ተደረገ። ሁለቱም ለባትሪና ለቻርጀር ለየብቻ የሚስተካከሉ ናቸው፤ አንዱን ብቻ አስተካክለው መብራት ሲጠፋ ችግሩ የሚመለስባቸው ብዙዎች ናቸው። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ እነዚህን ምርጫዎች ከነጭራሹ ይደብቋቸዋል። ለውጡ ካለቀ በኋላ ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት ነው የሚባለው፤ ቶሎ ማስነሻው ፋስት ስታርትአፕ ከበራ ሻት ዳውን የድራይቨሮቹን (የላፕቶፑን ክፍሎች የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) የቀድሞ ሁኔታ አስቀምጦ መልሶ ይጭነዋል። 45 ደቂቃ ሳይነካ፣ ሦስት ጊዜ ተተወ። አልጠፋም። ሰዓቱ ወደ 20 ሲመለስ ጠፋ።

ቀሪው የዲስኩ ፈርምዌር፣ ማለትም ዲስኩን ከውስጡ የሚያዝዘው ፕሮግራም ነው። ፋይሉ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ውጭ ዲስክ ተገለበጠ፤ ባትሪው ከግማሽ በላይ ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ፣ በአምራቹ የራሱ ፕሮግራም ታደሰ። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ዲስኩ ጨርሶ ሊሞት ስለሚችል ይህ ጥንቃቄ አይዘለልም። ከእድሳቱ በኋላ ሰዓቱ 20 ላይ ሆኖም ማሽኑ አልጠፋም።

ሰዓት የማመሳከሩ ስልት ለሌላ ላፕቶፕም ይሠራል። ሚኒደምፕ ካለና ኮዱ 159 ከሆነ አንድ ድራይቨር ከኃይል ቁጠባ መመለስ አቅቶታል፤ ብዙ ጊዜ ዋይፋዩን ቀድሞ ማየት ይበጃል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ፣ በካርዱ ፓወር ማኔጅመንት ሥር፣ ኮምፒዩተሩ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት ማንሣት ነው። መጥፋቱ ማሽኑ ከሚተኛበት ሰዓት ጋር ከገጠመ የቺፕሴትና የግራፊክስ ድራይቨር ከላፕቶፑ አምራች ይወርዳል፣ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም ባዮሱም ይታደሳል። ከየትኛውም ሰዓት ጋር ካልገጠመ ግን ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ሜምቴስት86 በሚባል መፈተሻ ፕሮግራም አራት ዙር ይፈተሽ፤ ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል። ባዮስ ገጽ ላይ ተትቶ እንኳ የሚጠፋ ከሆነ ዊንዶውስ የለበትም፤ ቦርዱ ወይም የኃይል መስመሩ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ የዲስኩ ሰዓት 0 ላይ እንዲቀር ለመነች። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቅ ይሆናል፤ እስከ ሰኔ 30 ግን ማንም 20 የሚል ቁጥር እንዲያሳያት አልፈለገችም።