በኦሳካ የገበያ ጣሪያዎች ሥር

ኦሳካ በገባሁ በማግስቱ ከማለዳ ጀምሮ ዝናብ ይጥል ነበር። ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ጃንጥላ ይዤ ስወጣ አይታኝ ፈገግ አለችና «ወደ ቴንጂንባሺሱጂ ከሆነ የሚሄዱት፣ እዚያ ከደረሱ በኋላ አያስፈልግዎትም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ቴንጂንባሺሱጂ 2.6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከዳር እስከ ዳር ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ጣሪያ የለበሰ የገበያ መንገድ ሲሆን፣ በጃፓን ከሚገኙት መሰሎቹ ሁሉ ረጅሙ እንደሆነ ይነገርለታል።

ከሰሜኑ ጫፍ ተነሥቼ ወደ ደቡብ ቁልቁል ወረድኩ። መድኃኒት ቤቱ፣ ያገለገለ ኪሞኖ የሚሸጥበት ሱቅ፣ የአሮጌ መጻሕፍት መደብሩና በሩ በተከፈተ ቁጥር ጆሮ የሚበጥስ ጫጫታ የሚለቀው የፓቺንኮ ቁማር ቤት ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። በመካከሉም እናቶች የብስክሌታቸውን ቅርጫት በጎመንና በነጭ ሽንኩርት ሞልተው፣ ማንንም ሳይነኩ ሕዝቡን እየሰነጠቁ ያልፋሉ። ከአንዲት ትንሽ ሱቅ የተጠበሰ የድንች ኮሮኬ ስገዛ ሻጯ የዘረጋሁላትን ገንዘብ በእጇ ባለመቀበሏ ለአፍታ ቅር አለኝ፤ ለካስ ገንዘቡ መቀመጥ የነበረበት ከፊቴ ባለችው ትንሽ ትሪ ላይ ኖሯል። መልሱን ግን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ብላ ስትሰጠኝ፣ የሀገሬን ሰው ያየሁ መሰለኝ።

ወደ ደቡቡ ጫፍ ስንቃረብ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ በ949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የቴንማንጉ ቤተ መቅደስ ይገኛል። የሚከበርበት ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ በሕይወት ሳለ ምሁርና ባለሥልጣን ስለነበረ፣ ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች እስከ ዛሬ ሊማጸኑት ይመጣሉ። ገበያውም ያደገው ወደዚህ ስፍራ የሚጎርፈውን ምእመን ተከትሎ ነው።

ከዚያ በምድር ባቡር ወደ ኒፖንባሺ ተሻገርኩ። ኦሳካ በጥንት ዘመን ሩዙና ሸቀጡ ከየአውራጃው ተሰብስቦ የሚሸጥባት ስለነበረች «የሀገር ወጥ ቤት» ትባል ነበር፤ በኩሮሞን የዓሣ ገበያ ግን ዛሬ ከሸማቹ ይልቅ ካሜራ ያነገተው ስለሚበዛ ብዙም አልቆየሁ።

ልቤን የሰረቀው ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ የሚገኘው ዶጉያሱጂ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህን ስፍራ ለመረዳት አይቸገርም፤ የምግብ ቤት ዕቃ ተራ ነው ማለት ይበቃል። ድስቱ፣ መጥበሻው፣ የሩዝ ሳህኑ፣ በምግብ ቤት ደጃፍ የሚሰቀለው ቀይ ፋኖስ፣ እንፋሎቱ ብቻ የቀረው የሚመስል የፕላስቲክ ሾርባ ሳይቀር ይሸጥበታል። በአንዱ ቢላዋ ቤት፣ ከኦሳካ አጠገብ ባለችው በሳካይ ከተማ የተሠራ ቢላዋ መረጥኩ። አንድ ሽማግሌ ስሜን ጠየቁኝና ሁለት ጊዜ ለራሳቸው ደጋግመው፣ በካታካና ፊደል ወረቀት ላይ ጽፈው አሳዩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ ከጣት በማትበልጥ መሮና በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ብረቱ ላይ ቀረጹት። ሲጨርሱ ብናኙን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና ስለቱን በጋዜጣ ጠቀለሉት፤ በእጅ ሻንጣ ይዤ አውሮፕላን እንዳልገባም በምልክት አስጠነቀቁኝ።

ሲመሽ ዶቶንቦሪ ደረስኩ። ከ1612 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነጋዴዎች ገንዘብ የተቆፈረው የውሃ ቦይ የማስታወቂያውን መብራት ሁሉ ገልብጦ ያሳያል፤ ሕዝቡም እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ በሚሮጠው፣ የግሊኮ ጣፋጭ ኩባንያ ማስታወቂያ በሆነው ሯጭ ፊት ያንኑ አቋቋም ይዞ ፎቶ ይነሣል። እኔ በበኩሌ ውስጡ ኦክቶፐስ ያለበትን የሊጥ ኳስ፣ ታኮያኪን፣ ሳላበርድ ጎርሼ ምላሴን አቃጠልኩ።

ጫጫታው ሲሰለቸኝ በድንጋይ ንጣፍ ወደተሠራው የሆዜንጂ ጠባብ መተላለፊያ ታጠፍኩ። በዚያ ያለው የፉዶ፣ የቡድሂስቶች አምላክ፣ ሐውልት፣ የሚጸልይ ሁሉ ውሃ ስለሚያፈስበት፣ ከራሱ እስከ እግሩ በአረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ተሸፍኖ የፊቱ ቅርጽ እንኳ አይለይም። ሽርጥ የታጠቀች አንዲት ሴት ከአጠገቡ ካለው ምግብ ቤት ፈጠን ብላ ወጣች፤ በእንጨት ጭልፋ ውሃ ቀድታ አፈሰሰችበት፤ እጆቿን አጋጥማ ለጥቂት ጊዜ ቆመች፤ ከዚያ እጇን በሽርጧ አደራርቃ፣ በር ላይ ለሚጠብቋት ደንበኞች መጋረጃውን ገለጠችላቸው።