የላ ንብ

ፒያኖዬ ውስጥ ንብ ገብታለች። ከመሐሉ ዶ በታች ያለችውን ላ የምትባል ኖታ ስነካ ብቻ ነው የምትነሳው። «ዝዝዝ» ትላለች፤ ጣቴን ሳነሳ ጸጥ። ከጎኗ ሶልን ብመታ የለችም፤ ሲን ብመታ የለችም።

ፒያኖው የተጋደመው ዓይነት፣ ግራንድ የሚባለው ነው፤ ያውም ትንሹ። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጎረቤቴ የነበሩ ሴትዮ ወደ ጠባብ ቤት ሲዛወሩ «ማጓጓዣውን ክፈልና ውሰደው» ብለው ሰጡኝ። እዚህ አገር ፒያኖ በነጻ ማግኘት ብርቅ አይደለም። ጭንቁ ደረጃ ማውጣቱ ነው። ታዲያ ንቧ የጀመረች ቀን መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስጦታውን ነው። በነጻ የመጣ ነገር አመል አያጣም አልኩ።

ምርመራው ግን የተጀመረው በረከቦቱ ነው። ላዋ በሰከንድ 220 ጊዜ ትርገበገባለች። ክፍሉ ውስጥ ላላ ያለ፣ በዚያው ፍጥነት መንቀጥቀጥ የሚወድ ዕቃ ካለ አብሯት ይነሳል። የፎቶ ፍሬም ሊሆን ይችላል፣ የመብራት ሽፋን፣ የመስኮት መስታወት። እኔ ቤት ደግሞ ጥግ ላይ ሲኒ የተደረደረበት ረከቦት አለ። ልጄን «ላን ደጋግመሽ ምቺልኝ» ብዬ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ያዝኳቸው። እነሱም ንጹሕ አይደሉም፤ ፋ ሲመታ ይንጫጫሉ። ላ ላይ ግን ዝም። ረከቦቱን ለማንኛውም ኩሽና ወሰድኩት። ንቧ አልሄደችም።

ቀጥሎ ክዳኑ። ማጠፊያው ውስጥ ያለችውን ቀጭን ዘንግ ተጫንኳት፣ የኖታ ማስቀመጫውን ይዤ አየሁ፣ የፔዳሎቹን ብሎኖች በካቻቪቴ አጠበቅሁ። ምንም። ጆሮ ደግሞ እንዴት ያለ ውሸታም እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። እኔ በቀኝ በኩል ነው ስል ልጄ በግራ ነው ትላለች። ቦታ ስንቀያየር ሐሳብም ተቀያየርን።

ላ ሦስት አውታር አላት። መዶሻዋ ሦስቱንም ባንዴ ነው የምትመታው። ሁለቱን በጨርቅ አፍኜ አንዷን ብቻ አሰማሁ፤ ከዚያ ሁለተኛዋን፣ ከዚያ ሦስተኛዋን። ሦስቱም «ዝዝዝ»። ይሄ መጥፎም ጥሩም ዜና ነው። ጥፋቱ ያንዷ አውታር ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ ሁለቱ ንጹሕ ይሆኑ ነበር።

በስልኬ ባትሪ በአውታሮቹ መሐል ሳይ፣ ታች የድምፅ ጣውላው ላይ፣ አቧራ ውስጥ፣ የእርሳስ ቁራጭ፣ አንድ ሳንቲምና የጸጉር ጌጥ ተኝተዋል። «ያዝኩሽ!» አልኩ። ሽቦ ጫፍ ላይ ፕላስተር ጠቅልዬ እንደ ዓሣ አጥማጅ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ወገቤ ተቆረጠ። ልጄ ላን መታች።

«ዝዝዝ።»

ማታ ለአባዬ ደወልኩ። እሳቸው በገና ደርዳሪ ናቸው። ጊዜውም ሁዳዴ ነው፤ በገናው ከግድግዳ የሚወርድበት። ስልኩን ፒያኖው ላይ አድርጌ ላን አሰማኋቸው። ዝም አሉ። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት።

«ይሄማ ደህና ነው። ምኑ ነው የከፋህ?»

በገና የማያውቅ ሰው ይሄን ላይረዳው ይችላል። አሥር አውታር አለው። እያንዳንዱ አውታር ድልድዩ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ እንዚራ የምትባል የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን እየነካ ይነዝራል። የበገናው ግርማ ያ ንዝረት ነው። ልጅ ሆኜ አባዬ እንዚራዋን በጥፍራቸው ጥቂት ገፋ፣ ጥቂት ሳብ እያደረጉ ግማሽ ከሰዓት ሲቀመጡ አያቸው ነበር። ንዝረቱ ካልመጣ አይጀምሩም። እሳቸው ንብ ፍለጋ፣ እኔ ንብ ማባረር። ስልኩ ላይ ሁለታችንም ሳቅን። ያም ሆኖ ላዋን ማዳን ፈልጌ ነበር። የፒያኖ ላ በገና ልሁን ስትል ከሌሎቹ ጋር አትስማማም።

ሐሙስ ዕለት ፒያኖ ቃኚ መጡ፤ ሽማግሌ ናቸው። ክዳኑን እንኳ አልከፈቱም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ቤቱን በምንድነው የምታሞቀው?» ብለው ነው። የአየር እርጥበት መለኪያ ከቦርሳቸው አወጡ፤ 22 በመቶ ይላል። ለፒያኖ 40 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለው ነው የሚመቸው። ማሞቂያው ብርዱን ብቻ ሳይሆን የእንጨቱን ውሃም እያባረረ ከርሟል። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ፒያኖው ሥር በጀርባቸው ተንጋለሉ። እኔም አጠገባቸው ተንጋለልኩ።

ከሥር ሲታይ ሌላ ነገር ነው። የድምፅ ጣውላው ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ከ200 በላይ የሆኑትን አውታሮች ድምፅ ወደ ክፍሉ የሚያወጣው ያ ስስ እንጨት ነው። ጥንካሬ እንዲያገኝ ከሥሩ እንደ ጭቃ ቤት ማገር አግዳሚ እንጨቶች ተለጥፈውበታል። ልጄ ላን እየመታች ሰውዬው ማገሮቹን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ ሄዱ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ላይ ንቧ ጸጥ አለች። እጃቸውን አነሱ፤ ተነሳች። ተጫኑ፤ ጸጥ።

የስም ካርዳቸውን አውጥተው በማገሩና በጣውላው መሐል ሰኩት። ገባ። ሙጫው ለቆ ኖሯል። ክፍተቱ የካርድ ውፍረት ታህል ነው፤ ከሱ አጠገብ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ አለች። ጣውላው ደርቆ ሲኮማተር የሆነ ነው አሉኝ። ሴትዮዋን በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጥፋቱ የኔ ማሞቂያ ነው።

በስስ ቢላ ሙጫ አስገብተው፣ ከሥር ሁለት ትንንሽ ብሎን አስረው፣ 180 ዶላር ተቀብለውኝ ሄዱ። የአየር ማርጠቢያ ግዛ ብለውኛል፤ ገዛሁ። በቀን አንድ ጀሪካን የሚያህል ውሃ ይጠጣል፤ ጥማቱ የግመል ነው።

ቅዳሜ ለአባዬ ደወልኩና ላን አሰማኋቸው። ጥርት ያለች ሆናለች።

«ድምፁን ወሰድክበት እኮ» አሉ።

ረከቦቱን ከኩሽና አምጥቼ ጥጉ ላይ መለስኩት። ስልኩን ሲኒዎቹ አጠገብ አስቀመጥኩና ልጄን ፋን ምቺ አልኳት።

«እሰይ!» አሉ አባዬ።