ዱባ አጥር አያውቅም

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ! ኢሬቻን ለምታከብሩም ከወዲሁ መልካም በዓል። ሁለቱንም ለማታከብሩ ጎረቤቶቼና ተከታዮቼ ደግሞ ወቅቱ የጤናና የጥጋብ ይሁንላችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ፣ ጅማ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ሬዲዮኑን ከፍቶ ማዳመጥ እንኳ ዘበት ነው።

በሌላው አገር መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል። በየበዓል ካርዱ ላይ የምናየውም አደይ አበባና ደመና የሌለበት ሰማይ ነው። እኛ ዘንድ አደይም የሚፈነዳው ዝናብ እየወረደበት ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ከመጋቢት አካባቢ የጀመረውም እስከ ጥቅምት ሙሉ በሙሉ አይለቃትም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት መስከረም 25 ያበቃና በማግስቱ ዘመነ መጸው ይገባል። የጅማ ደመና ግን ይህን አቆጣጠር የሰማ አይመስልም። ስለዚህ በደመራ ዕለት በአንድ እጃችን ችቦ፣ በሌላው ጃንጥላ ይዘን የምንወጣ ሰዎች ነን።

ዝናቡን አምርሮ የሚረግም ሰው ግን እዚህ አታገኙም። በጅማ ዙሪያ ባሉት የማናና የጎማ ወረዳዎች ገበሬው በዚህ ወር ቡናው ገና ቅጠሉ መሐል ነው፤ ፍሬው እየሞላ፣ አንዳንዱም መቅላት እየጀመረ። ገበሬው የሚፈራው ኋላ የሚመጣውን ዝናብ ነው፤ ለቀማው ሲደርስና ጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ቡና፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ ሳይታሰብ የሚወርደውን። የአሁኑ ይዝነብ፤ እኛም ቤታችን እንቀመጥ።

ቤት ከተቀመጥን ዘንድ ስለ ዱባ እናውራ። ወሩ የእሱ ነው። ከበቆሎው ጋር ተዘርቶ ክረምቱን ሙሉ ከሥሩ ሲሳብ የከረመው ሐረግ ያፈራውን የሚያሳየው አሁን ነው። ማንም ሳይተክለው በቆሻሻ ክምር ላይ የበቀለውም አጥር ተሻግሮ የጎረቤት ጎመን መሐል ይወልዳል። ሐረጉ የእገሌ፣ ፍሬው ያረፈበት ጓሮ የእገሊት ሆኖ በዚህ ምክንያት የተካሰሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ዱባው ለሁለት ይከፈልና ነገሩ ያልቃል።

በዓል ሲደርስ ግን ዱባን የሚያስታውሰው የለም። ዶሮው፣ ክትፎው፣ ቁርጡ ይደረደራል። እንግዳ ጠርቶ ዱባ ወጥ ማቅረብ ብዙ ሰው ዘንድ እጅ ማጠሩን በአደባባይ እንደ መናገር ነው የሚቆጠረው። እኔ ይህን አልቀበልም፤ ምክንያቴም ጣዕሙ ብቻ አይደለም።

በጅማ ግድግዳ ተጋርተን የምንኖር ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ነን። ቡናው የጋራ ነው፣ ለቅሶውም ሰርጉም የጋራ ነው። ሥጋው ግን የየራሳችን ነው፤ እኛ ያረድነውን እነሱ አይቀምሱም፣ እነሱ ያረዱትንም እኛ። የኖረ ሥርዓት ስለሆነ ቅሬታ የለኝም። የሚከነክነኝ በዓሉ በደመቀና ሥጋው በበዛ ቁጥር በአጥር ላይ የሚሻገረው ሳህን እየሳሳ መሄዱ ነው። ለጎረቤት ዳቦ ይላካል፣ ፈንዲሻ ይላካል፤ ዋናው ድስት ግን እዚያው ይቀራል። በዘይት የተሠራ የዱባ ወጥ ይህ ጣጣ የለበትም። ሙስሊሙም ይበላዋል፣ ጾመኛውም ይበላዋል፤ ሐኪም ሥጋ የከለከላቸው የሰፈራችን አዛውንትም አይቀሩበትም። እናቴ ዱባ የምትቆርጠው ጎረቤት ቤት መኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ነበር። ያልተቆረጠ ዱባ ጥግ ይዞ ወራት ይቀመጣል፤ ቢላዋ የነካው ግን ቶሎ ካልተበላ ይበላሻልና አንድ ቤት ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ በዚህ መስቀል እኔ ቤት ከሥጋው ድስት ጎን የዱባ ድስት ይጣዳል፤ የመጀመሪያው ጭልፋም የሚወጣው ለጎረቤት ነው።

አሠራሩን መጠየቃችሁ ስለማይቀር ልንገራችሁ። ዱባ ስትገዙ ከሐረጉ የተቆረጠበት ጫፍ ደርቆ እንጨት የሆነውን፣ ልጣጩም ጥፍር የማያስገባውን ምረጡ። ቢላዋውን ከጫፉ ጎን ሰክታችሁ ተጫኑት። ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ የሚወጣው ጥሬና እርጥብ ሽታ፣ ፍሬውን ተብትቦ የያዘው ክር፣ ደማቅ ብርቱካናማው ሥጋው… ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ለማየት የሚሰበሰበው ለዚህ ነው። ያ ቀለም ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ነው፤ የወጡ ዘይትም ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል።

ቀይ ሽንኩርቱ በደረቁ፣ በቀስታ ይቁላላ። ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ ይከተላል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ በዚህ ዝናብ ወዴት ልትሄዱ ነው? ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ በርበሬው ጥሬነቱ እስኪለቀው አብስሉትና ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ። ዱባው በትልልቁ ተቆርጦ ይግባ፤ ልጣጩን ከተዋችሁለት ቅርፁን ይዞ ይበስላል። ውሃ አታብዙበት፣ አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ እሳት ሲነካው ራሱ ይለቃል። በማማሰያም አትነካኩት፤ ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዛችሁ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል። ሊወጣ ሲል የተወቀጠ ኮረሪማ ይነስነስበት። ኮረሪማ የዚሁ የደቡብ ምዕራቡ ጫካ ተክል ነውና ጅማ ተቀምጦ እሱን መሰሰት ነውር ነው። ስኳር ጣል የሚያደርጉበት ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ ጋር አልስማማም። ዱባ በርበሬን የሚቋቋምበት የራሱ ጣፋጭነት አለው። ከወጥ የተረፈውን ደግሞ ቀቅላችሁ ለቡና ቁርስ አቅርቡት፤ ማር ካለ ላዩ ላይ ጠብ ይደረግ።

ፍሬውን እንዳትጥሉት አደራ። ታጥቦ፣ ፀሐይ ስለሌለ ምድጃ አጠገብ ደርቆ፣ በጨው ምጣድ ላይ ሲታመስ ግሩም ቆሎ ይወጣዋል። የቀድሞ ሰዎች ለኮሶ ትል ይበሉት ነበር፤ ከጥሬ ሥጋው በዓል ጋር አንድ ወር ላይ መምጣቱ ያስቀኛል። ይህን ያልኩት ግን ሐኪም ቤት ቅሩ ለማለት አይደለም።

ሁላችንም የምናውቀው ተረት አለ፦ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል። ተረቱ መነሻቸውንም ቢጨምር አይሳሳትም ነበር። ቅል ከጥንት ጀምሮ የአፍሪካ ተክል ነው። ዱባ ግን የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ወደ እኛ የመጣው ከ1500ዎቹ ወዲህ ነው። ወጡ ውስጥ ያለው በርበሬም፣ ጓሮው ውስጥ አብሮት የተዘራው በቆሎም እንዲሁ ከዚያው ናቸው። ከእኛ ጫካ ደግሞ ቡና ሄዶላቸዋል፤ በንግዱ ማን እንዳተረፈ ሁለተኛው ስኒ ላይ እንከራከርበታለን።

ለማንኛውም፣ ጾመ ጽጌን የምትጾሙ መስከረም 26 ሩቅ አይደለምና ከዱባችሁ አንዱን ሳትቆርጡ አስቀምጡ። እስከ ኅዳር 5 ብዙ ምሳ ያስፈልጋችኋል። መሬት ላይ አይቀመጥ፤ እርጥበቱ ከሥሩ ያበሰብሰዋል፤ ቁምሳጥን ላይ ይሻለዋል። ጅማ ያላችሁ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ብቅ በሉ። የእኔ ዱባ ትልቅ ስለሆነ ባዶ ሳህን ይዛችሁ ኑ። መልካም በዓል!