ስልኩን ቢጫ አድርጌ አምፖሉን ረስቼ

ትንሹ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ማታ ማታ ዓይኑን ማሸት ጀመረ። በእጁ ጀርባ እሽት እሽት ያደርግና መልሶ ስልኩ ላይ ይተክለዋል። እናቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ እያየች ዝም አትልም። «አንቺ፣ በአርባ አራቱ ታቦት ይዤሻለሁ፣ ይሄን ነገር ውሰጂበት፣ ዓይኑን ሊያጠፋው ነው» ትለኛለች። እወስድበታለሁ። ያለቅሳል። እሷው ራሷ ደግሞ «በይ ስጪው፣ ልጄን አታስለቅሽብኝ» ትላለች። የጎንደር አያት እንዲህ ናት፣ ምን ይደረጋል።

ከማሸቱ በላይ ያስጨነቀኝ እንቅልፉ ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጭልጥ ይል የነበረ ልጅ እስከ አራት ሰዓት አልጋው ላይ ሲገላበጥ ያመሻል። ጠዋት ለመቀስቀስ ደግሞ ውሃ መርጨት ብቻ ነው የቀረኝ።

የጠየቅኩት ሰው ሁሉ «ሰማያዊው ብርሃን ነው» አለኝ። እኔም የስክሪንን ሰማያዊ ብርሃን ይከለክላል የሚባለውን መነጽር ፍለጋ ፒያሳ ወርጄ አንድ መነጽር ቤት ገባሁ። ሻጩ እስክሪብቶ የምታክል ባትሪ አወጣና ነጭ ካርድ ላይ አበራት። ሰማያዊ ነጠብጣብ ታየች። መነጽሩን መሃል ላይ ሲያስገባው ነጠብጣቧ ጥፍት! «አየሽ እቴ?» አለኝ። አየሁ፣ ያውም አፌን ከፍቼ። ዋጋውን ሲነግረኝ ግን አፌን ዘጋሁና «እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። እስካሁን አልተመለስኩም።

ያልተመለስኩት ቤት ገብቼ ሳነብ ስላመሸሁ ነው (አዎ፣ በስልክ፣ በጨለማ)። ያቺ ዓይነት ባትሪ የምትተፋው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ 405 ናኖሜትር (የብርሃን ቀለም የሚለይበት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው፤ ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ጫፍ ማለት ነው። የስልክና የቲቪ ሰማያዊ ግን ጎልቶ የሚወጣው 450 አካባቢ ላይ ነው። ያ ጥርት ያለው መነጽር የመጀመሪያውን ይከለክላል፣ ሁለተኛውን አብዛኛውን ያሳልፈዋል። ማለትም ሱቅ ውስጥ የታየኝ ነገርና ልጄ ዓይን ውስጥ የሚገባው ነገር አንድ አይደሉም። ሻጩ አታለለኝ ማለቴ አይደለም፤ ለእሱም እንዲሁ አድርገው አሳይተውት ይሆናል። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ማስረጃ የሚያጣራ ተቋም በ2023 እ.ኤ.አ. 17 ጥናቶችን አገናዝቦ መነጽሩ የዓይን ድካምን ቢያንስ በአጭር ጊዜ ይቀንሳል የሚያሰኝ ነገር አላገኘም። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም ለኮምፒውተር ብላችሁ እንዲህ ያለ መነጽር ግዙ አይልም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን ራሴን ያስገረመኝ ይሄ ነው። ነጭ የምንለው የብዙ ስክሪኖች ብርሃን ከመነሻው ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ኤልኢዲ ይሠሩና ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ ነገር ላዩ ላይ ይለብጡበታል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ዓይናችን ነጭ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ያንን ሰማያዊ ኤልኢዲ የፈለሰፉት ሦስት በጃፓን የተወለዱ ሳይንቲስቶች በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ታዲያ ዓይን ያቃጥላል ወይ? ከስክሪን የሚወጣው መጠን ዓይን ይጎዳል የሚል ማስረጃ የለም። ሰማዩ ራሱ ሰማያዊ ነው እኮ፤ የጎንደር የጥር ቀትር ከስንት ሺህ ስልክ ይበልጣል።

ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ዓይናችን ውስጥ ከማየት ሌላ ሥራ ያላቸው ሴሎች አሉ። «ገና ቀን ነው» ወይም «መሽቷል» እያሉ ለአንጎል የሚያሳብቁ። እነዚህን በደንብ የሚቀሰቅሳቸው 480 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ነው። እሱ በማታ ሲመጣባቸው ሜላቶኒን የሚባለው የእንቅልፍ ሆርሞን ይዘገያል። ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። የልጅ የዓይን ሌንስ እንደ እኛ አልደፈረሰም፣ ብሌኑም ሰፋ ያለ ነው፣ ስለዚህ ያው አንድ ስልክ ለእሱ ከእኔ የበለጠ ብርሃን ያስገባበታል።

ይሄን ካወቅኩ በኋላ መነጽሩን ትቼ ስልኩ ላይ ዘመትኩ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ናይት ላይት፤ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚያዞረው ማለት ነው። አንዳንዱ ስልክ አይ ኬር ወይም አይ ኮምፈርት ይለዋል፣ አይፎን ናይት ሺፍት ይለዋል፤ ነገሩ ያው ነው። ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ራሱ እንዲበራ፣ ጠዋት አስራ ሁለት ላይ እንዲጠፋ ሰዓት ሞላሁለት። ስልኮች ሰዓት የሚቆጥሩት በፈረንጅ ስለሆነ መጀመሪያ ተሳስቼ እኩለ ቀን ላይ ብርቱካን መስሎ ሲመጣ «እማዬ ስልኩ ታመመ» ብሎ እየሮጠ መጣ።

ግን ቢጫ ማድረግ ብቻውን ብዙም አልፈየደም። ብራይትነሱ እስከ ላይ ተሞልቶ ቢጫ ቢሆን፣ ያው ቢጫ ፀሐይ ነው። አሁን የምጠቀምበት መለኪያ የደብተር ወረቀት ነው። ነጭ ነጩን ገጽ ከስክሪኑ ጎን እይዛለሁ። ስክሪኑ ከወረቀቱ በልጦ እንደ መብራት ካበራ በዝቷል፣ ግራጫ ከመሰለ ደግሞ አንሷል። ወረቀቱን እስኪመስል ዝቅ አደርገዋለሁ። ማታ ዝቅታው አልበቃ ካለ ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ባሉት ላይ ኤክስትራ ዲም የሚባል አለ፣ ከታችኛውም በታች ያወርደዋል። መብራት ሲጠፋ በተለይ ይሄ ነው ያዳነኝ። መብራት ሲሄድ እኛ ቤት ሁሉም ስልኩን ያወጣል፤ ክፍሉ ድቅድቅ፣ ፊቱ ላይ ያለው ብቻ ቦግ ያለ፣ ብሌኑ ደግሞ በጨለማው ምክንያት ወለል ብሎ ተከፍቶ። አሁን ሻማ ሳይበራ ስልክ የለም። የሻማ ብርሃን እንደሆነ ከጥንትም ቢጫ ነው።

አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ አድርጌ እንቅልፉ ትንሽ ብቻ ነው የተሻለው። ተናደድኩ። ከዚያ አንድ ማታ ጀርባዬን አሞኝ አልጋው ላይ ጋደም ብዬ ጣሪያውን ሳይ ገባኝ። አምፖሉ! ከሱቅ የምንገዛው ያ ነጩ ኤልኢዲ አምፖል ካርቶኑ ላይ 6500 ይላል፤ ስልክ ቢጫ ሳይደረግ በፊት ያለው ቀለም ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። ስልኩን ቢጫ አድርጌ ልጁን ከትልቅ ስልክ ሥር አስተኝቼዋለሁ። 3000 የሚለውን ለማግኘት ሦስት ሱቅ ዞርኩ፣ «እሱን ማን ይገዛዋል» ነው የሚሉኝ። አገኘሁ። ጎረቤቴ ለቡና ስትመጣ «ምነው ቤቱን አደበዘዝሽው፣ ቆጣሪ ነው?» አለችኝ። ልጁ ግን ከሦስት ሰዓት በፊት መተኛት ጀመረ።

ዓይን ማሸቱስ? እሱ ከሰማያዊ ጋር የሚገናኝ ነገር እንኳ አልነበረውም። ዓይን ምርመራ ወሰድኩት። ያየችው ባለሙያ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ከልጁ ጋር ስትጫወት ቆየችና «ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ግን ስልክ ሲያይ ማርገብገብ ይረሳል፣ ይደርቅበታል» አለችኝ። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ያርገበግባል፣ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ግን ግማሹም አይሞላ። ቤት ገብቼ ሰዓት ይዤ ቆጠርኩት፤ ካርቱን ላይ በአንድ ደቂቃ 4 ጊዜ። አራት! በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ያለ ነገር ይመልከት አለችኝ። የእኛ መስኮት ለዚህ ታድሏል፣ ከሩቅ የፋሲል ግንብ ጉልላት ይታያል። ልጁ ጨዋታ አድርጎት ግንቡ ላይ ስንት አሞራ እንዳረፈ ይቆጥርልኛል። ሲበዛለት ይዋሻል መሰለኝ።

እሷ የነገረችኝ ሌላ ነገር ግን አንገቴን አስደፋኝ። የሩቅ እይታው በትንሹ ደከም ማለት ጀምሯል። መነጽር የሚያደርስ አይደለም፣ ከስድስት ወር በኋላ መልሺው ብላኛለች። «ቀን ውጭ ይጫወታል?» ስትለኝ ዝም አልኩ። አይጫወትም። መንገዱን ስለምፈራ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቤት አስገብቼ በር እዘጋለሁ፣ ዝም እንዲልልኝ ስልክ እሰጠዋለሁ። በቀን 2 ሰዓት ያህል የውጭ ብርሃን የሚያገኝ ልጅ የሩቅ እይታው የመድከም ዕድሉ ይቀንሳል። ብርሃን በሉክስ ሲለካ ፀሐይ ላይ እስከ 100,000 ይደርሳል፣ የእኛ ሳሎን ቢበዛ ጥቂት መቶ ነው። ይኸው እኔ ልጄን ቀን ጨለማ ውስጥ አስቀምጬ ማታ ፀሐይ አወጣሁለት።

አሁን ከሰዓት እናቴ ትይዘውና ደጅ ይወጣሉ። እሷ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ጥጧን ትፈትላለች፣ እሱ ኳሱን ያንከባልላል። ጥላ ሥርም ብርሃኑ ከሳሎን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለርቀት ደግሞ ሕግ አወጣን፦ ስልኩ ከዓይኑ ከክርኑ እስከ ጭብጡ ድረስ ይራቅ። ሲረሳ እናቴ በመቋሚያዋ ታስታውሰዋለች።

ያልተስተካከለው ቲቪው ነው። ፒክቸር ሞዱ ቪቪድ ላይ ነው ያለው፣ ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ የሚሞሉት ያ የሚጮህ ሰማያዊ። ሙቪ ላይ አድርጌ ከለር ቶኑን ዋርም ማለት ነበረብኝ። ግን ሪሞቱ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል፣ ከቲቪው ጀርባ ያለችው ቁልፍ ደግሞ ቻናል ብቻ ነው የምትቀይረው። ሶፋውን ሁለቴ ገልብጬዋለሁ።