አራት ጣት

ዛሬ ከእንቅልፌ ስነሣ ጀምሮ ልቤ ከብዶኛል። ምክንያት የለውም፤ ቢኖረውም የምፈልግበት ጉልበት አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የማደርገውን አውቃለሁ። ስልኬን በፊቱ ደፍቼ አስቀምጣለሁ፣ ሥራዬን ድምፅ ሳላሰማ እጨርሳለሁ፣ በጊዜ ቤቴ እገባለሁ። ዛሬም በጊዜ ስመለስ አንድ ሰውዬ አሳንሰሩ ውስጥ ተከትሎኝ ገባ። በሩ ከመገጠሙ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ሳለ። ቁልፎቹ አጠገብ የቆመው እርሱ ስለነበር ዞር ብሎ «ስንተኛ ፎቅ ነዎት?» አለኝ። አፌን ከመክፈት አራት ጣት አወጣሁለት። ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። አጠገቡ ሰው ሲስል ትንፋሹን የማይዝ ማን አለ? እኔን የገረመኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ አየር ስስብ፣ ትንፋሼን የያዝኩት ከሰውዬው ወደ እኔ እንዳይመጣ ሳይሆን ከእኔ ወደ እርሱ እንዳይሄድ መሆኑ ገባኝ። የሳለው እርሱ፣ የተሳቀቅኩት እኔ። ሐኪሙ «ከሳንባ ነቀርሳው ድነሻል» ብሎ ፋይሌን ከዘጋው ስድስት ዓመት አልፎታል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ተረቱ የሚያዝነው እባብ ላየው ሰው ነው። «እባቡ አንቺ ነሽ» ለተባለ ሰው ግን ተረት የተዘጋጀ አይመስለኝም። ልጥ ባየሁ ቁጥር የምሸሸው ለራሴ ፈርቼ ሳይሆን ለልጡ አዝኜለት ነው ብል ማን ያምነኛል?

ታምሜ ለብቻዬ ስለተኛሁበት የሆስፒታል ክፍል ከዚህ በፊት እስኪሰለቻችሁ ጽፌላችኋለሁ። ስለማይከፈተው መስኮት፣ ታላቅ እኅቴ ከመስታወቱ ማዶ ቆማ በስልክ ስለምታወራኝ፣ ከንፈሯ ከድምፅዋ ቀድሞ ስለሚደርሰኝ። ያልጻፍኩት ስለ ማዳመጫው ነው። ሐኪሙ በየጠዋቱ ጓንቱን አጥልቆ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ይገባና ጀርባዬን ያዳምጠኛል። የማዳመጫው ብረት መጀመሪያ ከትከሻዬ በታች ሲያርፍ በረዶ ነው። ወደ ሁለተኛው ቦታ ሲዛወር ይለዝባል። አራተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ የራሴን ሙቀት ይዞ ይመጣል። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ጓንት ሳያደርግ የነካኝ ነገር ቢኖር ያ ብረት ብቻ ነው። «በረጅሙ ተንፍሺ» ሲለኝ ከሚፈልገው በላይ አስረዝመው ነበር። ሐኪሙ ለሳንባዬ መስሎት «ጎበዝ» ይለኛል።

ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ዕቃ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ላኔክ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1816 አንዲት ሴት ታካሚ ስትመጣለት ጆሮውን ደረቷ ላይ መለጠፍ አሳፈረው። ወረቀት ጠቅልሎ ቱቦ አደረገና አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አኖረ። ሥራው ተጀመረ። ለእኔ በቀን አንዴ የምጠብቀው መቀራረብ የነበረው ነገር የተፈለሰፈው ራቅ ለማለት ነው! ሰውዬው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1826 በ45 ዓመቱ ሞተ፤ የገደለውም ይኸው የእኔው በሽታ፣ ሳንባ ነቀርሳ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለጥቂት ቀናት እንደ ዘመድ ሳዝንለት ሰነበትኩ።

እርሱ መድኃኒት አልነበረውም፤ እኔ ነበረኝ። በድምሩ ስድስት ወር፦ ሁለት ወር አራት ዓይነት፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። ከመካከላቸው ሪፋምፒሲን የሚባለው ከሰውነት የሚወጣውን ፈሳሽ ሁሉ ብርቱካንማ ያደርገዋል፤ ሽንቱንም፣ ላቡንም፣ እንባውንም። ነርሷ አስቀድማ «ሽንትሽን ስታዪ እንዳትደነግጪ» ብላኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ስለ ትራሱ ግን የነገረኝ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ነጩ የትራስ ልብስ ላይ ፈዘዝ ያለ ብርቱካንማ ነጠብጣብ አየሁ። ማታ አላለቀስኩም ብዬ ልክድ የማልችልበት ቤት ውስጥ ገብቼ ነበር ማለት ነው። ነርሷም አየችው። ምንም ሳትናገር ትራሱን ገልብጣ በንጹሑ በኩል አደረገችልኝ። በሚቀጥለው ቀን በሌላኛው በኩልም ነጠብጣብ ነበረ።

ከዚህ በኋላ «ጉዳት» የሚለውን ቃል ለራሴ ልጠቀምበት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ የሚቀረው የአእምሮ ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ በስሙ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ስሙ እንዲወጣለት የታገሉትም ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችና ሐኪሞቻቸው ናቸው። እኔ ማንም አልተኮሰብኝም። ማንም አልመታኝም። ሁሉም ደግ ነበሩ። የደጎች ሁሉ ዐይን ከጭንብል በላይ ነበር እንጂ ሌላ የምከሳቸው ነገር የለኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የወጋ ሰው በሌለበት የተወጋው ምን ይበል?

መድኃኒቱ በትክክል ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሽታው ወደ ሌላ ሰው የመተላለፍ ዕድሉ በእጅጉ እንደሚወርድ ተነግሮኛል። አክታዬ ተደጋግሞ ተመርምሮ ንጹሕ ተብሏል። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ጭንቅላቴ ወረቀቱን አንብቦ አምኗል፤ ሳንባዬና እጄ ግን ማንበብ አይችሉም። ጓደኛዬ የወለደች ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። «ግቢ እንጂ፣ ያዢው» ስትለኝ «ጉንፋን ይዞኛል» አልኩ። ጉንፋን አልነበረኝም። በሚቀጥለውም ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ልጁ አሁን ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሌላውን እንግዳ ሮጦ ጉልበቱ ላይ ይጠመጠማል፣ እኔን ሲያይ ግን ካለበት ቆሞ እጁን ያውለበልባል። የእኔ ሰላምታ እንደዚያ ነው ብሎ ተምሯል። በጣም ጨዋ ልጅ ነው።

ለይቶ ማቆያ ይሉታል። መለየቱ የእነርሱ ሥራ ነበር፤ ማቆየቱን ሳላውቀው እኔ ተረክቤያለሁ።

ዛሬ ቤት ከገባሁ በኋላ ሳስባት ያመሸሁት ሜሪ ማለንን ነው። «ታይፎይዷ ሜሪ» የሚሏትን። አየርላንድ ተወልዳ ኒው ዮርክ ውስጥ ለሀብታም ቤተሰቦች ምግብ ታበስል ነበር። ራሷ ሳትታመም ባክቴሪያውን ተሸክማ ትዞራለች ተብላ እ.ኤ.አ. በ1907 ኖርዝ ብራዘር በምትባል ደሴት ላይ ለብቻዋ ተቀመጠች። ሐሞት ከረጢትሽ ይውጣ ቢሏት እምቢ አለች፤ ምኔም አላመመኝ አለች። ማንስ ቢሆን ደህና ነኝ እያለ ይቀደዳል? እ.ኤ.አ. በ1910 ሁለተኛ ምግብ ላታበስል ቃል ገብታ ተለቀቀች። ልብስ አጠበች፣ ገቢው አልበቃትም። በ1915 በሌላ ስም በአንድ የማዋለጃ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ተገኘች፤ ያን ጊዜ ሁለት ሰዎች ሞተው ነበር። መልሰው ወሰዷት። እስክትሞት፣ እስከ 1938፣ ከዚያች ደሴት ነዋሪነት አልተፈታችም።

ሆስፒታሉ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እናደድባታለሁ። የማዋለጃ ሆስፒታል፣ ሜሪ! ከዚያ ደግሞ እንደ እርሷ ያለ በሽታ የተሸከሙ ሌሎች ጤነኞች በከተማው እንደሚታወቁና እንደ እርሷ እድሜ ልክ እንዳልታሰሩ ትዝ ይለኝና ባሰሯት ሰዎች እናደዳለሁ። በዚህ ስወዛወዝ አመሸሁ፣ መብራት ማብራት ረስቼ።

የማይለቀኝ ግን ሌላ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ለአንድ ቀን ወደ ከተማ ወጥታ እንድትመለስ ይፈቅዱላት ነበር። ትሄዳለች። ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ስም ቀይራ የጠፋች ሴት ሁለተኛ ለመጥፋት አልሞከረችም። ምናልባት አርጅታ ነው። ምናልባት በደሴቲቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራ ስለሰጧት ነው። ወይስ ሲመሽ ሰው መካከል መቀመጥ አድክሟት ጀልባውን ናፍቃ ነው?

ይህን የምጠይቀው ለእርሷ ብዬ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ያን ክፍል ጠልቼዋለሁ፤ ግን እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ማንም «ለምን አልደወልሽም?» ብሎኝ አያውቅም። ማንም ሠርግ አልጠራኝም፣ ማንም «ፈገግ በይ እንጂ» አላለኝም። ታምሜአለሁና ሁሉም ነገር ይቅር ይባልልኝ ነበር። ከወጣሁ በኋላ ሰው ስርቅ አሁንም ፈርቼ ነው እላለሁ፤ ስንቱ ፍርሃት ስንቱ ስንፍና እንደሆነ ግን መዝኜው አላውቅም። እኅቴ መዝናዋለች መሰለኝ። ባለፈው «አንቺ እኮ በሽታሽን እንደ ፈቃድ ወረቀት ነው የያዝሽው» አለችኝ። ሳምንት አኮረፍኳት። ኩርፊያው ራሱ ለመቅረት ሌላ ምክንያት ሆነልኝ።

እኅቴን ካነሣሁ ዘንድ፣ ዛሬ ደውላለች፤ ስልኩ ተደፍቶ ስለነበር አላየሁም። አሁን መሽቷል፤ ነገ እደውላለሁ። ያ ሰውዬም ከዛሬ በፊት አላየሁትም፤ አዲስ ተከራይ ሳይሆን አይቀርም። ደግሞ ባየው ምን እለዋለሁ? እስከ ዛሬ ማታ ድረስ አራተኛ ፎቅ የምኖር ይመስለዋል። የምኖረው ስድስተኛ ላይ ነው። ትንፋሼ ከአራተኛ ፎቅ በላይ አልደርስ ስላለኝ ወርጄ የቀሩትን ሁለት ፎቆች በደረጃ ወጣሁ፤ ስደርስ እንደ ሽማግሌ ያለከልከኝ ነበር፣ ደረጃው ላይም ያገኘሁት አንድም ሰው ስላልነበረ እንደ ልቤ ሳልኩ።