መሪው የዞረ መኪና፦ ከስዊድን ተመልሼ ጅማ ላይ መኪና ስገዛ

ከ19 ዓመት የስዊድን ኑሮ በኋላ ጠቅልዬ ጅማ የገባሁት በሰኔ ነው። ሰኔ በጅማ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል፤ ጠዋት ብራ የነበረው ሰማይ ከሰዓት በኋላ ይጠቁርና ቀዩ ጭቃ ጫማ ያስወልቃል። የተከራየነው ቤት ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት በኩል ስለሆነ፣ ከጅማው መርካቶ አስቤዛ ለማምጣትም ሆነ አማቴን ሐኪም ቤት ለማድረስ ባጃጅ መለመን ነበረብኝ፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ዳገቱን ለመውጣት የሚስማማ ባለ ባጃጅ አይገኝም። ሦስት ሳምንት ከታገሥኩ በኋላ መኪና ለመግዛት ወሰንኩ።

መኪና መግዛት ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በስዊድን አራት መኪና ገዝቼ ሸጫለሁ። ችግሬም የመነጨው ከዚያው ልምድ ይመስለኛል። በዚያ አገር የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ከታወቀ፣ መኪናው ስንት ባለቤት እንደቀያየረ፣ ዓመታዊ ምርመራውን መቼ እንዳለፈና በምርመራው ዕለት ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደነበረ ለማንም ክፍት ከሆነው የመንግሥት መዝገብ ላይ ማየት ይቻላል። ስለዚህ ገዢው ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ይጠይቃል፤ የተሠራበትን ዘመንና የተጓዘውን ኪሎ ሜትር። እኔም ጅማ ውስጥ በአጂፕ አካባቢ ሻይ እየጠጡ ገበያ የሚጠብቁትን ደላሎች የጠየቅኋቸው እነዚህኑ ሁለት ጥያቄዎች ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ፈገግ ብሎ፣ «እህቴ፣ ኪሎ ሜትሩን ስንት እንዲሆንልሽ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ አብሬው ሳቅሁ። ቆጣሪ ወደ ኋላ መመለስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው።

ዘመኑም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። የሥሪት ዘመን የሚነገረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ መኪናው አገር ውስጥ የገባበትና የተመዘገበበት ዘመን ደግሞ በእኛ ይነገራል። በሁለቱ መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ስላለ፣ «2007 ናት» የተባለች መኪና እውነቱ የትኛው እንደሆነ ካልተጠየቀ ገዢው ራሱን ያታልላል። ስለዚህ አሁን ቁጥር በሰማሁ ቁጥር «በእኛ ነው በፈረንጅ?» እላለሁ።

የመንጃ ፈቃድ ነገር ሌላ ጊዜ ይበላል። የውጭ አገሩን መንጃ ፈቃድ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦ ወደ ኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ማስቀየር ያስፈልጋል፤ እኔ ይህን የጀመርኩት መኪናውን ካገኘሁ በኋላ በመሆኑ ቁልፉን ይዤ ለሳምንታት ተቀምጫለሁ።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ዋጋው ነበር። በስዊድን ለቁርጥራጭ ብረት የምትሸጥ፣ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለች ቪትዝ፣ ትንሿ የቶዮታ መኪና፣ እዚህ ከሚሊዮን ብር በላይ ስትጠራ ስሰማ ደላላው የውጭ ኑሮዬን አይቶ የጨመረብኝ መሰለኝ። በእርግጥ ጥቂት ሳይጨምርብኝ አልቀረም፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አስቀድመው የገቡት መኪኖች እያረጁም ዋጋቸው ይወጣል፤ ሰዉም መኪናን የሚይዘው እንደ ቁጠባ ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ የሻጮች ጠባይ ገባኝ። ሻጩ መኪናውን ለማራገፍ የሚቸኩል ሰው አይደለም፤ ብሩ ቤቱ በር ላይ እንደቆመ ስለሚቆጥር ካልመሰለው አይሸጥም።

አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛትም አስቤ ነበር። ከ2014 ጀምሮ ለእነዚህ መኪኖች የታክስ ማበረታቻ ስለተሰጠ ከአሮጌ የነዳጅ መኪና ጋር ሲነጻጸር ዋጋቸው የሚያጓጓ ነበር። የያዘኝ ግን የራሴ ኑሮ ነው። የተከራየሁበት ግቢ የመብራት ቆጣሪ ከአከራዬ ጋር የጋራ በመሆኑ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ስሞላ የወሩን ክፍያ እንዴት እንደምንካፈል ማሰቡ ብቻ አድካሚ ነበር። በዚያ ላይ በየወሩ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ነበረብኝ፤ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ መሐሉ ላይ የግቤ ሸለቆ አለ፤ ቁልቁል ተወርዶ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ከተማው ውስጥ ብቻ የሚነዳና የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው ቢሆን ምርጫውን አልቃወምም።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት መኪና ፍለጋ አዲስ አበባ ሄጄ ነው። ያሳዩኝ መኪና ታጥባና ተወልውላ ስትታይ እንደ መስተዋት ታበራለች። ሻጭ ነኝ ያለኝ ሰው ሌላ ገዢ እንዳለ እየነገረ ስላጣደፈኝ 20 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልኩ። በማግስቱ ሊብሬውን፣ ማለትም የመኪናዋን የባለቤትነት ደብተር፣ ስመለከት በላዩ ላይ ያለው ስም የሻጩ አይደለም። ባለ ስሙ ውጭ አገር ነው፤ እርሱ ለአንድ ሰው ውክልና ሰጥቷል፤ ያ ሰው ደግሞ ለአሁኑ ሻጭ ወክሏል። ብዙ ሰው የስም ማዛወሪያ ወጪና እንግልት ለመሸሽ በውክልና እየተቀባበለ ይሸጣል። ውክልና ግን ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞትም፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ይቀራል። ሦስተኛውን ሰው ይዤ የመጀመሪያው በሕይወት መኖሩን እንኳ ሳላውቅ ሚሊዮን ብር ልከፍል ነበር። ሐሳቤን ስለውጥ ቀብዱ ቀረብኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ከፋዩ ውሉን ከተወ ገንዘቡን ያጣል፤ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ሕጉን ያነበብኩት ገንዘቡ ከሄደ በኋላ መሆኑ እስካሁን ይቆጨኛል፤ የከፈልኩት ዋጋ ግን ሊያሳጣኝ ከሚችለው አንጻር ትንሽ ነው።

ጅማ ተመልሼ ደላሎቹን ትቼ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። በዚህ አገር ድሮ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ አባ ጅፋርም የንጉሡ የፈረስ ስም ነው። ዛሬ ፈረሱን መኪና ተክቶታል፤ ሻጬን ያገኘሁትም «የብርማዋ ቪትዝ መምህር» ተብለው ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ መኪናዋን ስምንት ዓመት ነድተዋታል፤ ሊብሬው በስማቸው ነው፤ ሰሌዳዋም የኦሮሚያ ኮድ 2 በመሆኑ ፋይል ከሌላ ክልል ማዛወር አያስፈልገኝም። ከሁሉ በላይ ያረጋጋኝ መኪናዋን የሚያውቃት ሰው መብዛቱ ነው። ጎረቤቱ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ዘይት የሚቀይርላቸው ልጅ ሁሉም ስለ እርሷ የሚሉት ነበራቸው፤ አንዱ ከአምስት ዓመት በፊት አጥር ገጭታ እንደነበር ሳይቀር ነገረኝ።

መኪናዋን እንዲያዩልኝ የባለቤቴ ዘመድ የሆኑ ሽማግሌ መካኒክ ለመንኩ። መምህሩ ቤት በጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እንድንደርስ የፈለጉት ሞተሩ ሳይሞቅ ለማየት ነው። እንደ ደረስን ሰላምታ ሳይጨርሱ ኮፈኑን በእጃቸው ዳሰሱና «ቀዝቃዛ ነው፣ ጥሩ» አሉ። ሞተሩ እንደ ተነሣ ወደ ማርሚታው ሄደው ጭሱን ተመለከቱ፤ ሰማያዊ ጭስ ቢሆን ዘይት ይበላል ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ከኪሳቸው ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት አወጡና በሮቹንና ፓራፋንጎውን እያስነኩ ዞሩ። ማግኔቱ ብረቱን ጠቅ እያደረገ ሲይዝ ቆይቶ የኋላው ቀኝ በር ላይ ሲደርስ ተንሸራቶ ወደቀ። «ከዚህ በታች ስቱኮ ነው፤ ላሜራው ተሠርቷል» አሉ፤ ስቱኮ የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ ነው። አጥሩ የተገጨበት ቦታ ያ ነው፤ የጎረቤቱ ወሬ እውነት ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ ያሳዩኝን በራሴ ዕድሜ ልኬን አላየውም ነበር። «ልጄ፣ ይቺ መኪና መሪዋ ዞሯል» አሉኝ። ቪትዝ የሚለው ስም ጃፓን ውስጥ ይሸጥ ለነበረው ነው፤ አውሮፓ የሚሸጠው ያሪስ ይባላል። ጃፓኖች በግራ መስመር ስለሚነዱ መሪያቸው በቀኝ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ቪትዞች ወደ እኛ ሲመጡ በመንገድ ላይ፣ በአብዛኛው ዱባይ፣ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች የፍጥነት መለኪያቸው ከሾፌሩ ፊት ሳይሆን ከመሐል በመሆኑ ለውጡ በቀላሉ አይታይም። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ግን ይናገራል፤ የአውሮፓው ባለ 17 ፊደልና ቁጥር ሲሆን የጃፓኑ አጭር ሆኖ «ኤስ ሲ ፒ 10» በመሰለ ኮድ ይጀምራል። ሽማግሌው መሬት ላይ ተንበርክከው የመሪው ዘንግ የሚያልፍበትን ቦታ በባትሪ አዩ፤ ብየዳው ንጹሕ ነው፤ መሪውም ሲዞር አይላወስም። ቀሪዎቹን ምልክቶች እኔው ራሴ አገኘኋቸው። የዝናብ መጥረጊያው ለቀኝ ሾፌር የተሠራ በመሆኑ ከእኔ በኩል ከመስተዋቱ ጥግ እጅ የሚያህል ቦታ ሳይጠርግ ያልፋል። የፊት መብራቱም ከግድግዳ ፊት ስናበራው ብርሃኑ በግራ በኩል ከፍ ይላል። ጃፓን ውስጥ የመንገዱ ጠርዝ በግራ ስለሆነ ለዚያ ትክክል ነው፤ እዚህ ግን በግራ በኩል ያለው ከፊት የሚመጣ መኪና ነው።

መኪናዋን አልተውኳትም። ጉድለቷን በሙሉ ማወቄ ለድርድር ጠቀመኝ፤ መምህሩም ከተጠራው ዋጋ 45 ሺህ ብር ቀነሱልኝ። ቀረጥ የተከፈለበትን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አሳዩኝ፤ ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው ስለማይተላለፍ ይህን ወረቀት ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም። በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱም ዕዳም እገዳም እንደሌለባት አረጋገጥን። መኪናው የትዳር ሀብት በመሆኑ ባለቤታቸውም መፈረም ነበረባቸው፤ እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ከመፈረማቸው በፊት «በደንብ ትይዣታለሽ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ልጃቸውን እንደሚድሩ ሁሉ ቃል አስገቡኝ።

ውሉ ላይ ግን ራሴ እንቅፋት ሆንኩ። ፓስፖርቴ የስዊድን ስለሆነ የምጠቀመው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱን ነው። በላዩ ላይ ያለው የእኔና የአያቴ ስም ብቻ ነው፤ ስዊድኖች የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ሲመዘግቡት የአባቴ ስም ወጥቷል። ውል ጸሐፊው ደግሞ በአገሩ ልማድ ስሜን እስከ አያት ጻፈው። አረጋጋጩ ሁለቱን ሲያስተያይ «ይህ ሌላ ሰው ነው» ብሎ መለሰን። መምህሩን ከነባለቤታቸው በማግስቱ እንደገና ለማስመጣት ተገደድኩ፤ አፈርኩባቸው። ከውጭ የመጣ ሰው ስሙን መታወቂያው ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ካላስጻፈ ይህ ይደርስበታል። ገንዘቡን የከፈልኩት በባንክ ነው፤ ውሉም ርክክቡ የተፈጸመው ከቀኑ 5፡20 መሆኑን ይገልጻል። ከዚያ ሰዓት በፊት የደረሰ ጉዳት ወይም የትራፊክ ቅጣት የሻጩ፣ ከዚያ በኋላ የእኔ ነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ስለሆነ እዚያው ዕለት ገዛሁ።

ከወር በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ የግቤን ቁልቁለት ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ወልቂጤ የሚያወጣውን ዳገት ስጀምር ቀዩ የሙቀት መብራት በራ። ዳር ይዤ ቆምኩና ኮፈኑን ከፍቼ ወደ ራዲያተሩ ክዳን እጄን ስዘረጋ፣ ከኋላዬ የቆመ የኢሱዙ ሾፌር «እንዳትከፍቺው! ያቃጥልሻል!» ብሎ ጮኸ። ግማሽ ሰዓት ያህል በዚያ ሙቀት ጥላ ፈልገን ከጠበቅን በኋላ ከጀሪካኑ ውኃ ጨመረልኝ። ኋላ ላይ መካኒኩ ራዲያተሩን ሲያወርዱት ለዓመታት ተራ ውኃ ብቻ ሲጨመርበት ስለኖረ ውስጡ በዝገት ተዘግቷል፤ የሞተሩን ሙቀት የሚያስተካክለውን ቴርሞስታትም ቀደም ሲል አንዱ ጋራዥ አውጥቶ ጥሎታል። ሽማግሌው ተጸጸቱ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ቤቴ ዳገት ላይ ሆኖ ሳለ መኪናዋን የሞከርኩት በከተማው ሜዳ፣ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት ሁለት ጊዜ ብወጣና ብወርድ ኖሮ ምልክቱን ሳላይ አልቀርም ነበር።

ራዲያተሩ ታጠበ፤ ቴርሞስታቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮልን ተገጠመ፤ ከዚያ ወዲህ ግቤን ስድስት ጊዜ ተመላልሳለች። ለግራ መሪ የተሠራ የፊት መብራት ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ ያለውን መካኒኩ ዝቅ አድርገው አስረውልኛል። ማታ ማታ ከፊት የሚመጣ ባጃጅ መብራቱን ደጋግሞ ብልጭ ሲያደርግብኝ ምን ሊለኝ እንደፈለገ ስለማውቅ፣ ፍጥነቴን ቀንሼ ወደ ቀኝ እጠጋለሁ።